የውጭ ፈታኟ ጥያቄ

የጥናቱን የመጨረሻ ገጽ የገለበጠችው ተማሪዎቿ የቢሮዋን በር አንኳኩተው አንኳኩተው ተስፋ ቆርጠው ከተመለሱ በኋላ ነበር። እጇን ወረቀቱ ላይ ጭና ብዙ ቆየች። ጥሩ ሥራ ነው። ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

መናኛ ቢሆን ምንኛ በቀለላት። እስክሪብቶዋን መዝዛ ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው ትዘለዝለውና፣ የውጭ ፈታኝ ተብላ በተጠራችበት አዳራሽ በሰው ፊት «ይህ ሥራ ለዶክትሬት አይበቃም» ብላ ትወጣ ነበር። ማንም ምንም አይላትም። አሁን ግን መዋረድ የሚገባው ሰው የጻፈው፣ መዋረድ የማይገባው ጽሑፍ እጇ ላይ ወደቀ።

ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ዓይኗ ዘለለው። ለእሷ እሱ ሁልጊዜም መቃው ነው።

ስሙ የወጣለት ጥናቱ በሚቀርብበት በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የማስተርስ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ከመጽሐፍ መደርደሪያው በላይ አንገቱ የሚታይ፣ ቀጭን፣ ነፋስ ቢነፍስ ይወዛወዛል የሚባል ልጅ ነበር። እሷን ደግሞ «ሰረዝ» ያላት እሱ ነው። ስትናገር በየመሀሉ ቆም ትላለች፤ የሚቀጥለውን ቃል መርጣ እስክታነሳ ሰሚው ትንፋሹን ይይዛል።

«አንቺ እኮ ነጠላ ሰረዝ ነሽ» አላት አንድ ቀን፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ድርሰት አብረው ሲያርሙ። «አራት ነጥብ አይደለሽም። ከአንቺ በኋላ ሁልጊዜ የሚመጣ ነገር አለ።»

የዚያን ቀን ያረመችላቸው ተማሪዎች ሁሉ ከሚገባቸው በላይ ውጤት አገኙ።

እሷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ልጅ ናት። እሱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ልጅ ነው። ኃላፊዋን ተማሪዎቹ በሌለችበት «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏት ነበር፤ እሷ ያረመችው ወረቀት የታረደ ዶሮ ይመስላል እየተባለ። ሁለቱ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሲቀመጡ ያየ ሁሉ በልቡ «ይህ ነገር የት ሊደርስ ነው?» ይል ነበር። እነሱ ግን የት እንደሚደርስ አልጠየቁም። ፍቅር መቼ አድራሻ ጠይቆ ያውቃል?

በዚያ ዓመት ሰረዝ አንድ ሐሳብ ይዟት ነበር። በድሮዎቹ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ውስጥ በር የሚከፍቱ፣ ሻይ የሚያቀርቡ፣ ፋኖስ ይዘው ደረጃ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ስም የላቸውም፤ አንባቢም ልብ አይላቸውም። እነሱ በሩን ባይከፍቱ ግን ፍቅረኞቹ አይገናኙም፣ የሞተውም ሰው መሞቱ አይሰማም።

«ታሪኩን ተሸክመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው» ትለው ነበር። «እናቴ አንሶላውን ባታጥብ ሐኪሙ በሽተኛውን የት ያስተኛዋል? ግን ስለ ሆስፒታሉ ሲወራ የእናቴ ስም ተነስቶ ሰምተህ ታውቃለህ?»

እሱ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ያያት ነበር። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሌላ ሰው የለም ትል ነበር በልቧ።

ያንን ሐሳብ ነው ጽፎ፣ በትምህርት ክፍሉ መጽሔት ላይ፣ በራሱ ስም ብቻ ያሳተመው።

እሷ የመመረቂያ ጽሑፏን ስታስገባ ሐሳቡ ቀድሞ የታተመ ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ኃላፊዋ ነበረች። ሰረዝ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ቆማ፣ እሱ ከግድግዳው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከኮሚቴው አንዱ «ሐሳቡ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ መሬት ሊገባ ምንም አልቀረውም። ዝም አለ። ዝም እንዳለም የሰው ሥራ ሰርቃለች ተብላ መባረሯ ተነበበ።

ከዚህ የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እናቷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ያላትን ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጇን እንዲምሩላት ለመለመን ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደች። ከጠዋት ጀምሮ ቢሮዎቹ እስኪዘጉ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ኃላፊዋ ፊት ለፊቷ ስትሄድ ስትመለስ ዋለች። «ምን ፈልገሽ ነው?» ብላ አንዴም አልጠየቀቻትም። ቤት ስትገባ ሰረዝ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ምን አሉሽ እማዬ?»

«ሥራ በዝቶባቸው ነው» አለች እናቷ፣ ጫማዋን እያወለቀች።

ሰረዝ መባረሩን ትረሳው ይሆናል። ያቺን «ሥራ በዝቶባቸው ነው» ግን አልረሳቻትም። ቂሟን እንደ ስንቅ ቋጥራ ተነሳች። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሰዋስው እያስተማረች፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ከሀ ጀመረች፤ ዶክትሬቱንም ጨረሰች። የሥራ ባልደረቦቿ ትጉህ ናት ይላሉ። ምን እንደሚያተጋት አያውቁም።

ዓመታት አልፈው የድሮው ትምህርት ክፍል የውጭ ፈታኝ ሁኚልን ብሎ ጠየቃት። ሰዎቹ ተለዋውጠዋል፤ የሚያስታውሳት አልነበረም። «ተፈታኙን በግል ያውቁታል ወይ?» የሚለውን የተለመደ ጥያቄ ስትጠየቅ «አላውቀውም» ብላ መለሰች። ውሸት መሆኑ አልከበዳትም። እውነትም ይመስላት ነበር፤ ያንን አንገቱን የደፋ ሰው መቼ አወቀችውና።

* * *

ዩኒቨርሲቲው ያሳረፋት በእንግዳ ማረፊያው ውስጥ ነበር። ጥናቱ በአዳራሽ ከሚፈተንበት ከዲፌንሱ በፊት ባለው ቀን ጠዋት የእንግዳ መቀበያዋ ሴት በስልክ ደወለችላት።

«ዶክተር፣ አንዲት ትልቅ ሴት ይፈልጉዎታል። የድሮ ኃላፊ ነበርኩ ነው የሚሉት።»

የሰረዝ ድምፅ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ይጠብቁኝ በያቸው» አለች።

መጠበቂያው ከክፍሏ በር ፊት ለፊት ያለ ወንበር ነው። ሰረዝ ገላዋን ታጠበች። ፀጉሯን ቀስ ብላ አበጠረች። ሸሚዟን ተኮሰች፤ የተተኮሰውን ደግማ ተኮሰች። ሻይ አዘዘች። ሻዩ ሲገባ በሩ ተከፈተ፣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችው አሮጊት «ልግባ?» በሚል ዓይን ቀና አለች፣ በሩም መልሶ ተዘጋ። ሰረዝ ጋዜጣ አንስታ አንድ መስመር ደጋግማ አነበበች፤ ምንም አልገባትም። ከውጭ አልፎ አልፎ ሳል ይሰማል። እናቷም ያኔ ስትጠብቅ ታስል ነበር ይሆን? ይህንን ጠይቃት አታውቅም።

ሻዩ ከቀዘቀዘ ከቆየ በኋላ በሩን ከፈተች።

«ይግቡ።»

ለዓመታት በሐሳቧ ስትጣላት የኖረችው ሴት እንደ ብረት የደረቀች ነበረች። ግድግዳ ይዛ የተነሳችው ግን ቁርጭምጭሚቷ ያበጠ አንዲት አጭር አሮጊት ናት።

«ብዙ አስጠበቅሽ... አስጠበቁኝ» አለች፤ አንቺና እርስዎ አፏ ውስጥ ተጋጭተው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች ሰረዝ።

ቃሉ ኃላፊዋን ምንም አላስታወሳትም። የተጠቆመችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እናቴን ያስታውሷታል?» ሰረዝ ጠየቀቻት።

«እናትሽን? አግኝቻት አላውቅም።»

«አዎ። አላገኟትም።»

ኃላፊዋ ነገሩ ሳይገባት አለፈችው። «ስምሽን ከጥሪው ላይ ሳይ ነው የነቃሁት። ለራሴ አይደለም የመጣሁት። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ብትሰድቢኝ የሚጎድልብኝ የለም። የልጄ ነገር ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እሱም ትምህርቱን ጥሎ እንደሄደ ታውቂያለሽ? አንዲት ራቅ ያለች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምር፣ ቤቴን ሳይረግጥ ኖረ። ለምኜ ለምኜ ነው የተመለሰው። አሁን ገና ሰው ሆነልኝ ስል...»

ሰረዝ ይህን አታውቅም ነበር። እሱን ባሰበች ቁጥር የምታስበው በእናቱ ሳሎን እግሩን አነባብሮ ነው።

«እሱ ጥፋት የለበትም» አለች ኃላፊዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከስብሰባው በፊት ያነጋገርኩት እኔ ነኝ። ዝም ካልክ በማስጠንቀቂያ ትታለፋለች፣ ከተናገርክ ግን ሁለታችሁም ትባረራላችሁ አልኩት። አመነኝ። ልጅ እናቱን ቢያምን ይፈረድበታል?»

ሰረዝ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቂሟን የገነባችው በዚያ በተደፋ አንገት ላይ ነበር። አሁን ከመሠረቱ አንድ ድንጋይ ተመዘዘባት። ሊያሳዝናት ይገባ ነበር፤ ይልቁንም ተናደደች፣ ያለ ፈቃዷ የተቀማች ያህል።

«ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አብራችሁ ስትውሉ አይደል የነበረው፤ የማን እንደሆነ ማን ይለያል...»

«ያውቁ ነበር ወይ ነው ያልኩት።»

አሮጊቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች። «አውቅ ነበር። እሱ እኮ በር ሲከፈትለት ያደገ ልጅ ነው። ከየት ያመጣዋል?»

«ይህንኑ ነገ አዳራሽ ውስጥ ይናገሩት።»

«በሰው ፊት?»

«እኔ በሰው ፊት ነው የተባረርኩት።»

«ልጅ የለሽም አይደል?» አለች ኃላፊዋ፤ ዓይኗ እንባ አቅሯል። «ስትወልጂ ይገባሻል።»

«እናት አለችኝ» አለች ሰረዝ። «እሱ ይበቃል።»

ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ሰረዝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደስ ሊላት ሲገባ የመጣባት ሌላ ነው፤ አንዲት የማታውቃት ከተማ፣ አንድ ረጅም ሰው፣ ጠመኔ የነካው ሸሚዝ። ምስሉን ከዓይኗ ልታባርረው ሞከረች። እንቢ አላት። ይህንንም በሂሳቡ ላይ ጻፈችበት።

* * *

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ምስል ማሳያው ቀለሙ ደብዝዞ ሁሉን ነገር ሐምራዊ አድርጎታል፤ ማራገቢያው ያጉረመርማል። ሰረዝ ከሰብሳቢው ከሽበታሙ ፕሮፌሰር ቀኝ ተቀመጠች። ከኋላ ወንበር፣ ከበሩ አጠገብ፣ ኃላፊዋ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

መቃው ገባ።

ጎኑ ትንሽ ሞልቷል፤ ጺሙ ውስጥ ነጭ ገብቷል። ሰረዝ የምትጠብቀው ሲያያት እንዲደነግጥ ነበር። ያንን ድንጋጤ ስንት ጊዜ በሐሳቧ አጣጥማዋለች። እሱ ግን አልደነገጠም። ቀና ብሎ አያት፤ በጣቢያ ላይ ብዙ ቆይቶ የሚጠብቀው ሰው ሲደርስለት እንደሚያይ ሰው። ዓይኗን መጀመሪያ የሰበረችው እሷ ናት። ጉንጯ ሲግል ወረቀቷን አገላበጠች።

አቀራረቡ ግልጽ ነበር። ድምፁም ያው የድሮው ነው፤ ቃላቱን በቀስታ እያስቀመጠ ይናገራል። የውስጥ ፈታኙ ጥቂት ጠየቁ፤ መለሰ። ከዚያ ሰብሳቢው «ዶክተር፣ የእርስዎ ተራ ነው» አሏት።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለች ሰረዝ። ቆም አለች። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። «ጥናትዎ በር ስለሚከፍቱ ሰዎች ነው። እርስዎ ግን በር ሲከፈትልዎት ነው ያደጉት። ሐሳቡ የማን ነው?»

ከኋላ አንድ ወንበር ተንሿሿ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥያቄው ትንሽ ወደ ግል ሕይወት ያደላ አይመስልዎትም?»

«ግድ የለም ፕሮፌሰር፣ ልመልስ» አለ መቃው። ፊቱ ያለውን አትሮንስ በሁለት እጁ ያዘ። አንገቱን አልደፋም። «ሐሳቡ የእሳቸው ነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ።

«ማስተርስ አብረን ስንማር የእሳቸው ነበር። እኔ ጽፌ በስሜ አሳተምኩት። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ። ነገ ሳይመጣ እሷ ሌባ ተብላ ቆመች።» «እሳቸው» ማለቱ ከአፉ ወድቋል፤ ራሱም ያወቀው አይመስልም። «ሐሳቡ የማን ነው ተብዬ ተጠየቅሁ። ዝም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።»

«ታዲያ ይህን ጥናቱ ውስጥ ለምን አልጻፍከውም?» አሉ ሰብሳቢው፤ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ብጽፈው ኖሮ ከዛሬ በፊት ይሰረዝ ነበር። አፍ ግን አይሰረዝም። የውጭ ፈታኝ ሲፈለግ የእሳቸውን ስም የጠቆምኩትም እኔ ነኝ።»

ሰረዝ እጇን ከጠረጴዛው በታች ጨበጠች። ስትስለው የኖረችውን ቢላ፣ ሰውዬው አንገቱን አመቻችቶ ሲጠብቀው ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር በቀል ይባላል? ደግሞም አንዱ ቃሉ ሐሰት መሆኑን ታውቃለች። ማንም አላስገደደኝም ብሏል። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ሐሰት መሆኑን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ኃላፊዋ ከኋላ ወንበር ተነሳች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ በሩ ሄደች። መቃው እናቱን አያት፤ ከዚያ ሰረዝን አያት። ራሱን በትንሹ ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ተይ፣ እሷን ተያት፣ እያላት ነበር።

ሰረዝ ልመናውን አየችው፤ ገባትም። አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ንጹሕ ቀሚስ ዓይኗ ላይ ድቅን አሉ።

«ይቅርታ፣ ጥያቄዬ አላለቀም» አለች። «ይህኛው ግን ለእሱ አይደለም።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ኃላፊዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች።

«ዶክተር» አለች ሰረዝ፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ የለዘበ ጭካኔ ከጩኸት የባሰ መሆኑን ታውቃለች። «ማንም አላስገደደኝም ብሏል። ትክክል ነው?»

«አዎ» ብትል ያበቃል። ልጇ ብቻውን ይሰምጣል እንጂ እሷን የሚነካት የለም። መቃው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ኃላፊዋ ቀስ ብላ ዞረች። ዕድሜዋን ሁሉ የሌላውን ሰው ግድፈት ስታርም የኖረች ሴት ናት፤ አሁንም የወጣላት ያው የእርማት ድምፅ ነው።

«ስህተት ነው» አለች። «እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት። አታልዬዋለሁ። ሐሳቡ የእሷ መሆኑን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።»

ወጥታ ሄደች። እርምጃዋ ኮሪደሩ ላይ እየራቀ ተሰማ።

ሰረዝ ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ በጣም ደስ አላት። ደረቷ ውስጥ ለዓመታት ተቋጥሮ የነበረ ነገር ተፈታ፤ ሞቅ ብሎ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ መቃውን አየችው። እሱ የሚያየው በሩን ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን እናቱን ያጣ ሕፃን ሐዘን ነው፤ ደስታዋ እዚያው ደረቀ።

ሰብሳቢው ለምክክር ሲነሱ ሰረዝ አልተነሳችም።

«እኔ ውጤት ልሰጥ አይገባኝም» አለች። «ተፈታኙን ታውቂዋለሽ ወይ ስባል አላውቀውም ብዬ ነው የመጣሁት። የመጣሁትም ልጥለው ነው። ሥራው ግን ጥሩ ነው። ጠላቴም ቢጽፈው ጥሩ ነው።»

ፕሮፌሰሩ የያዙትን ወረቀት መልሰው አስቀመጡ። «አንቺም ደግ አላደረግሽም፣ ልጄ» አሉ። «ያኔ ትምህርት ክፍሉም ደግ አላደረገም።» በሌላ ፈታኝ እንደገና እንዲታይ፣ የሐሳቡ ባለቤት በጥናቱ ውስጥ እንድትጠቀስ፣ የድሮው ውሳኔም እንዲመረመር ተባለ። ሰረዝ እየሰማች ነበር፤ ግን ሁሉም ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መሰላት።

* * *

ግቢው ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ቆሞ ጠበቃት።

«ሰረዝ።»

በዚህ ስም የሚጠራት ሰው ከእሱ ሌላ ኖሮ አያውቅም። «በዚህ ስም አትጥራኝ።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

«በዚህም አትጥራኝ።»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። እሱም አየው፤ እንዳላየ ሆነ።

«እናትህ እንዳታለለችህ ለምን መጥተህ አልነገርከኝም?» አለችው። «ስንት ዓመት ሙሉ ስጠላህ።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ቃል ተገብቶልኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ቃሉ መፍረሱን ያወቅሁት እዚያው ነው፤ መባረርሽ ሲነበብ። ያኔ ብድግ ማለት እችል ነበር። እግር ነበረኝ፣ አፍ ነበረኝ። ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዝምታ የእናቴ ነው። ሁለተኛው የእኔ ነው። የእኔን እሷ ላይ ልደፍድፍ?»

ይህን ሰው ለመጥላት ስትዘጋጅ ኖራ፣ ከእሷ ቀድሞ ራሱን ጠልቶ አገኘችው። ይህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘረፋ ነው።

«ዛሬስ ትጠይኛለሽ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ሌላ?»

ቆም አለች። እሱ ያንን ማቆሟን ያውቀዋል፤ እንደ ድሮው ታግሶ ጠበቃት። የሚቀጥለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እኔን በሰው ፊት አጥፍተህ በሰው ፊት አጥርተኸኛል። እናቴ ግን እዚያ አዳራሽ አልነበረችም። ለእሷ ንገራት። ከዚያ በፊት ወደ እኔ እንዳትመጣ።»

ጥላው ሄደች። ከኋላዋ እርምጃ እንዳይሰማ ተመኘች፤ ሳይሰማ ሲቀር ደግሞ ከፋት።

* * *

በሳምንቱ እሁድ መጣ። ሰረዝ ከዩኒቨርሲቲዋ ፈቃድ ወስዳ እናቷ ዘንድ ሰንብታ ነበር። እናቷ ጡረታ ብትወጣም እጇ እንደ ነጣ ቀርቷል፤ በረኪናው ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። ግቢው ውስጥ ከገመድ ላይ አንሶላ ስታወርድ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ስሙን ተናገረ። ከውስጠኛው ክፍል መስኮት ሰረዝ የእናቷን ጀርባ አየች፤ ቀጥ ብሎ ነበር። በሩን ከፈተችለት፤ ግን ግባም ተቀመጥም አላለችውም። የአንሶላውን አንድ ጫፍ አስያዘችው።

«ያዝ። ብቻዬን አይታጠፍልኝም። ያመጣህን ነገር እያጠፍክ ተናገር።»

አንሶላውን በሁለት ወገን ይዘው፣ እየወጠሩ፣ እየተቀራረቡ፣ እየተራራቁ ሁሉንም ነገራት። ሐሳቡን፣ መጽሔቱን፣ ኮሚቴውን፣ የመጀመሪያውን ዝምታና ሁለተኛውን። ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቅ መዋሏን በኋላ ከሰው እንደሰማ ሲነግራት ድምፁ ተሰበረ። እናቷ አንሶላው ታጥፎ ቅርጫቱ ላይ እስኪቀመጥ አልመለሰችለትም።

«ጨረስክ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄ ሌባ ተብላ ተባረረች ሲባል የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ወሬ የሚያቋርጡ ሰዎች ነበሩ። ለእኔ ነግረኸኝ እኔ ይቅር ብልህ፣ ለእነሱስ ማን ይነግራቸዋል?» በእጇ ወደ መንገዱ አመለከተች። «ከወዲያኛው ጥግ ጀምር። ቤት እንዳትዘል። ስትጨርስ ስለ ይቅርታው እንነጋገራለን።»

መቃው እሺ ብሎ ወጣ።

«ጨካኝ ነሽ እማዬ» አለች ሰረዝ፣ ወደ ግቢው ወጥታ።

«አንቺስ ከማን የወረስሽው መሰለሽ?»

ሰረዝ በዝቅተኛው አጥር ላይ ተደግፋ አየችው። ያ ቁመት በየቤቱ ጉበን ሥር ጎንበስ ይላል፤ ይገባል፤ ፊቱ ቀልቶ ይወጣል። አንዱ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሸኙት። አንድ ቤት ውስጥ ተሳቀበት። ይህን ሁሉ ስታይ እንደምትረካ ታውቅ ነበር፤ ደግሞም ረካች። ይገባዋል፣ አለች በልቧ። ገና ነው፣ ይገባዋል።

ከዚያ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ሰምታው እንደጨረሰች ደጇ ላይ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «አንተ ብሎ ወንድ!» እያለች፣ አላፊ አግዳሚው እስኪሰማ፣ አፏ ያመጣላትን ሁሉ ትለቅበት ጀመር። ያኔ ወሬውን በየጓዳው ያዞረችው እኮ ራሷ ናት። እሱ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ፣ እስክትጨርስ ይሰማታል። እሷ አትጨርስም።

«ይቺ ሴትዮ አሁን ምን አግብቷት ነው የምትሰድበው?» አለች ሰረዝ።

ድምፅዋ እጅግ ከፍ ብሎ ወጣ። እናቷ ከቅርጫቱ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ማየቷ በቂ ነበር። የሰረዝ ፊት ጋለ፤ ዓይኗ ውስጥ የሞላውን ነገር ለመደበቅ ወደ አጥሩ ዞረች። ያን ሁሉ ዓመት በእሱ ላይ ሲነድ የኖረው ቁጣዋ፣ ማንም ሳያዘው ተነስቶ፣ ከእሱ ጎን ቆሞ ነበር።